ባሮ ዳር ክረምትን ከልጆች ጋር፦ የሚሲዮን ካምፕ መሪ ማነው?

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ጋምቤላ ላይ ዝናቡ ይጠናል፣ የባሮ ወንዝ ይሞላል፣ ልጁም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የክርስቲያን ሚሲዮኖች ይህን የሁለት ወር ክፍተት ለመሙላት ሲጠቀሙበት የኖሩት ዘዴ የክረምት ካምፕ ነው። የካምፑ ምሰሶ ካህኑ ወይም ሚሲዮናዊው ሊመስል ይችላል፤ ሥራውን በእርግጥ የሚሸከመው ግን ጥቂት ልጆች ተሰጥተውት ከጠዋት ጀምሮ አብሯቸው የሚውለው ወጣት ነው። ፕሮቴስታንቶች ካውንስለር ወይም የቡድን መሪ ይሉታል፣ ካቶሊኮቹ ሳሌዥያውያን ደግሞ አኒሜተር።

ልማዱ ሁለት ምንጮች አሉት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ እኛ ወወክማ የምንለው፣ በ1885 በአሜሪካ የጀመረው ካምፕ ዱድሊ ነው፤ ዛሬም አልተዘጋም። ሁለተኛው በ1841 በጣሊያኗ ቱሪን የሳሌዥያውያን መሥራች ካህኑ ዶን ቦስኮ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ የጀመረው ኦራቶሪ ነው። ጸሎት፣ ትምህርትና ጨዋታ በአንድ ግቢ ይካሄዱበት ነበር። ዶን ቦስኮ አስተዳደጉን በሦስት ነገሮች ላይ አቆመው፦ በማስረዳት፣ በሃይማኖትና በፍቅር። ዱላ ከሦስቱ ውስጥ የለም።

ሁለቱም ወገኖች ጋምቤላ ላይ ሥር አላቸው። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች በ1919 ከሱዳን ተነስተው ደምቢ ዶሎ ገቡ፤ በኋላም ከሚሲዮናውያኑ አንዱ ዶን ማክሉር በባሮ ዳር በምትገኘው ፖክዎ በአኙዋኮች መካከል ጣቢያ ከፈተ። ከዚህ ሥራ የበቀለችው ቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። የካቶሊክ ሐዋርያዊ አስተዳደር በ2000 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ጳጳስ አቡነ አንጀሎ ሞሬስኪ ራሳቸው ሳሌዥያዊ ነበሩ። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ 70 በመቶው ፕሮቴስታንት፣ 17 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ ከ3 በመቶ ጥቂት የሚበልጠው ካቶሊክ ነበር።

የመሪው ቀን የሚጀምረው ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። መሪዎቹ ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ የዕለቱን ሥራ ይከፋፈላሉ። በር ላይ ቆሞ ልጁን በስሙ ጠርቶ መቀበል የመጀመሪያው ግዴታ ነው። ከዚያ መዝሙር፣ አጭር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ የእጅ ሥራ ወይም የንባብ ሰዓት፣ ምግብ፣ ቀጥሎም የቡድን ውድድር ይመጣል። መሪው ኳስ ዳኛ ይሆናል፣ የተላጠ ጉልበት ያጥባል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል። በጥሩ ካምፕ ሁለት ሕጎች አይጣሱም፦ መሪ ልጅ አይመታም፤ ከአንድ ልጅ ጋርም ብቻውን ከሰው ዓይን አይሰወርም።

አካባቢው የራሱን ሕግ ይጨምራል። ወባ ስላለ ትኩሳት የያዘው ልጅ «ነገ ይሻለዋል» አይባልም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ባሮ ደግሞ አዞ አለው። በ1966 አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ጋምቤላ ላይ ወንዙ ውስጥ ሲዋኝ አዞ ወስዶታል። ስለዚህ መሪው ልጆቹን ሲመጡም፣ ከጨዋታ ሲመለሱም፣ ሲሰናበቱም ይቆጥራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቡድን መመደብ ነው። በጋምቤላ ከተማ ኑዌር፣ አኙዋክ፣ ማጃንግ፣ ኦፖ፣ ኮሞና ከደጋ የመጣው ሕዝብ አብረው ይኖራሉ፤ በየጊዜው የተነሱት ግጭቶች ሰፈርን ከሰፈር ለይተዋል። ልጆች እንደወደዱ ይቧደኑ ቢባል በቋንቋቸው ይከፋፈላሉ፤ ውድድሩም የብሔር ውድድር ሆኖ ያርፋል። ብልህ መሪ ስለዚህ ቡድኑን አስቀድሞ ቀላቅሎ ይጽፋል፣ በቀለም ወይም በእንስሳ ስም ይሰይመዋል፣ አምበልነቱን በየቀኑ ያዘዋውራል። ታሪኩ በአማርኛ ከተነገረ በኋላ አንዱ ልጅ ለጓደኞቹ በኑዌርኛ፣ ሌላው በአኙዋክኛ ይደግመዋል። ነጥብ የሚሰጠውም ለጎል ብቻ አይደለም፤ ግቢ ላጸዳና የወደቀ ተጋጣሚውን ላነሳም ይቆጠራል።

ይህን ሥራ ከውጭ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ብቻውን አይወጣውም። ጊታርና አዲስ ጨዋታ ያመጣል፤ የትኛው ልጅ የትኛውን መንገድ ፈርቶ እንደቀረ፣ የማን ቤት ሐዘን እንዳለ ግን አያውቅም። ይህን የሚያውቀው የአካባቢው የአሥረኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። እሱ ነሐሴ ካለቀም በኋላ እዚያው ሰፈር ይኖራል፤ በካምፑ የተዋወቁት ልጆች መስከረም ላይ ሲጣሉ የሚያስታርቃቸው እሱው ነው።

ስለዚህ ካምፕ የሚያዘጋጅ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሚሲዮን ስለ ኳሱና ስለ ድንኳኑ ከማሰቡ በፊት መሪዎቹን ይምረጥ፤ ከየብሔሩ፣ ሴቶችንም ጨምሮ። ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ስለ ልጆች ደኅንነት፣ ስለ መጀመሪያ እርዳታና ስለ እርቅ ያሠልጥናቸው። ወላጅም ልጁን ከመላኩ በፊት «መሪው ማነው?» ብሎ ይጠይቅ። ካምፑን ደግም ክፉም የሚያደርገው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።