ስንፍና ነው ወይስ አየሩ?

በደብረ ብርሃን ሜዳ ዳር ጋቢውን ተከናንቦ ኳስ የሚያይ ተመልካች ከሁሉ አብዝቶ የሚጮኸው ቃል «ሩጥ እንጂ!» የሚለው ነው። እሱ ቆሞ ሌላውን ያስሮጣል። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርኩ።

በመጀመሪያው ወር ከሸዋ ሮቢት በኩል የመጣ አንድ ጓደኛችን በክንፍ ተሰልፎ ገባ። ፈጣን ነው ተብሎ ተወርቶለት ነበር። ዐሥር ደቂቃ እንደ ሚዳቋ ሮጠና ወገቡን ይዞ ቆመ። «የቆላ ልጅ መች ይችላል፣ ሰነፍ!» ብለን ሳቅንበት። ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ሜዳ አልመጣም።

ለመሆኑ ሰነፍ ነበርን? አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በደብረ ሲናና በጣርማ በር ወደዚህ የወጣ ሰው በጥቂት ሰዓት መንገድ 1,500 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣ ማለት ነው።

ብዙ ሰው «ደጋ ላይ ኦክሲጅን የለም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ከአየር ውስጥ የኦክሲጅን ድርሻ እዚህም ሆነ ቆላ 21 በመቶ ያህል ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ በአንድ ትንፋሽ ከምናገኘው ኦክሲጅን እዚህ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል እናጣለን። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እግር ይዝላል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1961 ዓ.ም. ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ በተደረገው ኦሊምፒክ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ አውስትራሊያዊ ሮን ክላርክ የ10,000 ሜትር ሩጫውን እንደጨረሰ ተዝለፍልፎ ወደቀ። የእኛው ማሞ ወልዴ ግን ሁለተኛ ወጣ። በኳስም ቢሆን በ2001 ዓ.ም. አርጀንቲና ሜሲን አሰልፋ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ላ ፓዝ በቦሊቪያ 6 ለ 1 ተሸነፈች። ታዲያ ሜሲን ማን ሰነፍ ይለዋል?

ኳሷም ብትሆን ጠባይዋ ይለወጣል። ስስ አየር እምብዛም ስለማይገታት ርቃና ፈጥና ትሄዳለች፤ አጥፈው ሲመቷትም እንደ ቆላው አትታጠፍም። እንግዳ በረኛ በረጅም ኳስ ቢታለል አይፈረድበትም።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ሰውነት መጀመሪያ አተነፋፈሱን ያፈጥናል፤ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ኦክሲጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሴሎች ያበዛል። እንግዲህ ከቆላ የመጣን ተጫዋች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀለል ባለ ልምምድ ማቆየት፣ በግጥሚያ ላይም ግማሽ ሰዓት አጫውቶ መቀየር ይበጃል። ውሃ ይጠጣ፤ ራሱን ካመመው ወይም ካጥወለወለው ወዲያው ይረፍ።

ያን ጓደኛችንን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ተመልሶ እየተጫወተ ነው፤ አሁን ከኋላው መድረስ ያቃተኝ እኔ ነኝ። ሳቃችን ግን ከጆሮው የወጣ አይመስለኝም።

የሙያ ጓደኞቼ! ነገ ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ኋላ የሚቀር ልጅ እናገኛለን። ምናልባት ርቦት ይሆናል፣ ምናልባት ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ይሆናል። «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ምን ያህል ዳገት ወጥቶ እንደመጣ እንጠይቀው።