የኦቾሎኒው ባዶ ቅርፊትና የፖታሲየም ነገር

ኦቾሎኒ የካ ሚካኤል አካባቢ አይበቅልም። ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠውና የእንጦጦ ብርድ በጀርባው የሚወርድበት ሰፈራችን ለዚህ ሙቀት ወዳድ ተክል አይመቸውም። የኦቾሎኒ ሻጭ ግን አይጠፋበትም። ታክሲ መጠበቂያው ላይ አለ፣ ወር በገባ በ12ኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ አለ፣ ሾላ ገበያ ከቆሎውና ከሽምብራው ጎን አለ። አስፈጭተው ለልጆቻቸው ቁርስ የሚያደርጉ እናቶችም ብዙ ናቸው። በሙያው ሰዎች ዘንድ ለውዝ ይባላል፤ እኔ ግን ሰፈሩ በሚጠራው ስም ልቀጥል።

ከነቅርፊቱ እየቆሉ የሚሸጡ አንዲት የሰፈራችን እናት፣ ኩንታል ሲገዙ ትልቁ ሥጋታቸው ዋጋው እንዳልሆነ አጫውተውኛል። “ልጄ፣ ከውጭ ሲያዩት የሚያምር ቅርፊት ይሆንና ሲፈለፍሉት ባዶ ነው። ደንበኛ ሁለት ጊዜ ባዶ ካጋጠመው ሦስተኛ አይመጣም” ነው ያሉኝ። ባዶው ቅርፊት ለእሳቸው የዕለት ትርፍ ነው። ለገበሬው ደግሞ ዘር፣ ጉልበትና አንድ ሙሉ ክረምት ነው። የባዶ ቅርፊት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፦ ድርቅ፣ በሽታ፣ ያለጊዜው መንቀል። ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው ግን የአፈር ምግብ ሚዛን ነው፤ በተለይም የፖታሲየምና የካልሲየም ሽሚያ።

ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ኦቾሎኒ በስፋት ከሚመረትባቸው ቦታዎች ዋነኛው ምሥራቅ ሐረርጌ፣ በተለይም የባቢሌ አካባቢ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ጋምቤላም ያመርታሉ። የባቢሌ አፈር አሸዋማ ነው። ለኦቾሎኒ ይህ መልካም ነው፤ ፍሬው አፈር ውስጥ ገብቶ እንደልቡ ይወፍራል፣ ሲነቀልም አይሰበርም። አሸዋ ግን ምግብ አይቋጥርም። ዝናቡ ትንሽ ጠንከር ሲል የሟሟው ንጥረ ነገር ከሥሩ በታች ይሰርጋል። ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዱ ፖታሲየም ነው።

ፖታሲየም ለተክል ምን ይሠራል? ናይትሮጅን ቅጠል ያለመልማል፣ ፎስፈረስ ሥር ያጠነክራል ሲባል ብዙ ሰው ሰምቷል። ፖታሲየም ግን እንደነሱ የተክሉ የአካል ክፍል ሆኖ አይገነባም፤ በፈሳሹ ውስጥ እየተዘዋወረ ሥራ የሚያንቀሳቅስ ነው። በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች የሚከፍትና የሚዘጋው እሱ በመሆኑ፣ ያነሰው ተክል በድርቅ ጊዜ ውኃውን መቆጠብ ያቅተዋል። ቅጠል ላይ የተሠራው ስኳር ወደ ፍሬው እንዲጓዝም ያስፈልጋል። ከኦቾሎኒ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት፣ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ከዚሁ ከቅጠል ከሚወርድ ስኳር ነው። ስለዚህ ፖታሲየም የተራበ ኦቾሎኒ ፍሬው ይቀጭጫል፣ ዘይቱም ይቀንሳል። ምልክቱ ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ይጀምራል፤ ዳር ዳሩ ቢጫ ይሆንና በኋላ የተቃጠለ ይመስላል።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ሰው “ታዲያ ፖታሽ ገዝቶ መበተን ነዋ!” ሊል ይችላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት።

የኦቾሎኒን አስተዳደግ ልብ ብለው ያዩ እንደሆነ፣ ከሌላው ጥራጥሬ የሚለይበት አንድ እንግዳ ጠባይ አለው። አበባው የሚያብበው ከአፈር በላይ ነው። ከተራከበ በኋላ ከአበባው ሥር መርፌ የመሰለ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ቁልቁል ያድጋል፣ መሬቱን ይወጋና ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከገባ በኋላ ጫፉ ወደ ጎን ታጥፎ ፍሬ ይቋጥራል። ባቄላ ፍሬውን አየር ላይ ይሰቅላል፤ ኦቾሎኒ ይቀብራል።

ይህ ጠባይ ለምግቡ ትልቅ ትርጉም አለው። ካልሲየም በተክል ውስጥ የሚጓዘው ከሥር ወደ ላይ በሚወጣው ውኃ ብቻ ነው። ውኃው ደግሞ የሚሳበው ወደሚተነው፣ ማለትም ወደ ቅጠሉ ነው። ቅጠል የገባ ካልሲየም ተመልሶ ወደ ታች አይወርድም። የተቀበረው ፍሬ ውኃ አያተንም፤ በመሆኑም በሥሩ የገባው ካልሲየም ለእሱ አይደርሰውም ማለት ይቻላል። ምን ያደርጋል? በራሱ ቅርፊት፣ ከከበበው አፈር በቀጥታ ይመጠምጣል። ፖታሲየም ግን በተክሉ ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደልቡ ስለሚዘዋወር ሥሩ ከጥልቀት ያመጣዋል፣ ከቅጠልም ወደ ፍሬው ይወርዳል።

አንድ ተክል ሁለት አፍ አለው እንደማለት ነው። የሥሩ አፍ ፖታሲየም ይፈልጋል፤ የፍሬው አፍ ካልሲየም ይፈልጋል። ገበሬው ፖታሽ ገዝቶ ከላይ ሲበትነው የሚያርፈው የት ነው? ፍሬው ከሚቀበርበት ከላይኛው የአፈር ሽፋን ላይ ነው። እዚያ የበዛ ፖታሲየም ካልሲየሙን ከአፈሩ ቅንጣት ላይ ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፣ ቅርፊቱም በካልሲየም ፋንታ ፖታሲየም ይመጠምጣል። ውጤቱ ያው የሚያምር ባዶ ቅርፊት ነው፤ አለዚያም ፍሬው አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የእርሻ ባለሙያዎች ለገበሬው የሚሰጡት መመሪያ ፍሬው በሚቀበርበት አፈር ውስጥ ካልሲየሙ ከፖታሲየሙ ቢያንስ 3 እጥፍ እንዲሆን ነው። እዚያ ከላይ የሚበተን ፖታሽን እንደ ማዳበሪያ ብቻ አያዩትም፤ የጉዳት ምንጭም ሊሆን እንደሚችል ቆጥረው ነው የሚመክሩት።

በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ሙከራዎች ውጤት የሚለያየውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በድኻ አሸዋማ አፈር ላይ፣ ለምሳሌ በግብፅ አዲስ በተገነቡ የበረሃ እርሻዎች፣ ፖታሽ የተጨመረለት ኦቾሎኒ ምርቱም ዘይቱም ከፍ ብሎ ታይቷል። በሌሎች ቦታዎች ደግሞ ቢጨመርም ባይጨመርም ለውጥ አልተገኘም። የኦቾሎኒ ሥር ጥልቅ ነው፤ ላለፈው ሰብል ተሰጥቶ የተረፈውን ፖታሲየም ፈልጎ ያገኛል። በመሆኑም ብዙ ባለሙያዎች “ፖታሹን ለኦቾሎኒው ሳይሆን ከእሱ በፊት ለሚዘራው ሰብል ስጠው” ይላሉ። እኔም ከሁሉ የሚያስኬደው ምክር ይህ ነው ባይ ነኝ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ለረጅም ዓመታት ማዳበሪያ ሲባል የኢትዮጵያ ገበሬ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ዳፕና ዩሪያ። በሁለቱም ውስጥ ፖታሲየም የለም። ለምን? እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ከያኔው አለማያ የእርሻ ኮሌጅ የወጣው የመርፊ የአፈር ጥናት የአገራችን አፈር በአብዛኛው በፖታሲየም የታደለ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ጥናቱ ለጊዜው ትክክል ሊሆን ይችላል። ችግሩ መደምደሚያው ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ መቆየቱ ነው። በየዓመቱ እየታረሰ፣ አገዳውም ገለባውም እየተነሳ የሚሄድ መሬት እንደነበረ ሊቆይ አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ኢትዮሲስ በተባለው ፕሮጀክት የአገሪቱን አፈር ካርታ ሲያነሳ፣ በየቦታው ሰልፈር፣ ቦሮን፣ ዚንክና በአንዳንድ አካባቢዎችም ፖታሲየም እንደሚጎድል ታወቀ። ዳፕ በኤን.ፒ.ኤስ. የተተካውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። ልብ ይበሉ፤ በኤን.ፒ.ኤስ. ውስጥም ፖታሲየም የለም።

የሚያስገርመው፣ አገራችን የፖታሽ ድኻ አለመሆኗ ነው። አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ያለው ክምችት ከጣሊያኖች ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። በንጉሡ ጊዜ ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ቆፍሮ አጥንቶታል፤ ቀጥሎ የካናዳው አላና መጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 እስራኤል ኬሚካልስ አላናን ገዛና በዓመቱ ለቆ ወጣ፤ የኖርዌዩ ያራም እ.ኤ.አ. በ2017 የማዕድን ፈቃድ ወስዶ ነበር። ይህን ያህል ተወርቶለት ከዳሎል የወጣ ማዳበሪያ የባቢሌ ገበሬ ማሳ ላይ ሲደርስ አላየንም።

አሁን ደግሞ ብዙ ወደማይነሳው ጉዳይ ልግባ። ከሔክታር ከ20 እስከ 25 ኩንታል የሚሰጥ ኦቾሎኒ ከአፈር የሚወስደው ፖታሲየም ከ80 እስከ 100 ኪሎ ግራም እንደሚደርስ የሙያው መጻሕፍት ያስረዳሉ። ይህ ሁሉ ታዲያ ከኩንታሉ ጋር ወደ ሾላ አይመጣም። አብዛኛው የሚቀረው በቅጠሉና በሐረጉ ውስጥ ነው። ስንዴ ሲታጨድ ሥሩና ቆረኑ ማሳው ላይ ይቀራል፤ ኦቾሎኒ ግን ከነሥሩ ተነቅሎ ነው የሚሰበሰበው። ሐረጉስ ወዴት ይሄዳል? ወደ ከብት። ስሙ የገነነው የሐረር ሰንጋ ከሚቀለብባቸው መኖዎች አንዱ ይኸው የኦቾሎኒ ሐረግ ነው። ፖታሲየሙ በከብቱ ሽንትና እበት ይወጣል፤ ይህ ተሰብስቦ ወደ ኦቾሎኒው ማሳ ከተመለሰ ዑደቱ ይሞላል። በረቱ አጠገብ ካለው ጓሮ ካላለፈ ወይም እበቱ ኩበት ሆኖ ከነደደ ግን ማሳው በየዓመቱ ይራቆታል። በእኔ ግምት የባቢሌ ገበሬ ፖታሽ ከመግዛቱ በፊት ሊያስበው የሚገባው ይህን ነው። የሽንቱ ነገር በተለይ ይታሰብበት፤ ከብቱ ከበላው ፖታሲየም አብዛኛው የሚወጣው በሽንት ነው፣ እኛ ደግሞ መሬት እንዲጠጣው እንተወዋለን።

እግረ መንገዴን ስለ አመድም ልበል፤ ይህ እንኳን የእኛው ሰፈር ጉዳይ ነው። “ፖታሽ” የሚለው ቃል ራሱ ከአመድ የመጣ ነው። አውሮፓውያን ጥንት የእንጨት አመድ በውኃ አጥልለው፣ ፈሳሹን በድስት አፍልተው የሚያገኙት ነጭ ጨው ስለነበር “የድስት አመድ” አሉት። እናቶች ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ነድዶ ሲያልቅ አመዱ ውስጥ ፖታሲየም አለ፤ ካልሲየሙ እንዲያውም ከፖታሲየሙ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለጎመንና ለቆስጣ ጓሮ በልኩ ቢበተን ይጠቅማል። ድንች ላይ ግን ባይሆን ይመረጣል፤ አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ የድንች እከክ የሚባለውን በሽታ ያበረታታል።

ባቢሌ ወይም መተከል ዘመድ ያለው አንባቢ የሚከተለውን ቢነግርልኝ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ አፈር ማስመርመር ነው፤ ለምሥራቁ ገበሬ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም። ፖታሲየም ጎድሎ ከተገኘ ለቀደመው ማሽላ ወይም በቆሎ መስጠት፤ ይህ ካልሆነ ከመዝራት በፊት በትኖ በጥልቅ ማረስ፣ ሥሩ እንዲያገኘው፣ ከላይ ያለው ፍሬ ግን እንዲያመልጠው። አበባ ከያዘ በኋላ ፖታሽ ከላይ መበተን ፈጽሞ አይመከርም። በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው ካልሲየም ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጂፕሰም የተሻለ ነው። ጂፕሰም ማለት ግድግዳ የምንለስንበት ጀሶ የሚሠራበት ድንጋይ ነው። ኖራም ካልሲየም አለው፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ከመዝራት በፊት ካልገባ አይደርስም። ጂፕሰም በአባይ በረሃም በሶማሌ ክልልም ሞልቷል፤ ባቢሌ ደግሞ የሶማሌ ክልል አጎራባች ናት። ይህ ድንጋይ ተፈጭቶ በተመጣጣኝ ዋጋ ለኦቾሎኒ ገበሬ ቢቀርብ ከውጭ ከሚመጣው ፖታሽ የበለጠ ባዶ ቅርፊት ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። ትልልቅ ፍሬ ያላቸው ዝርያዎች ካልሲየም ይበልጥ ስለሚፈልጉ ቅድሚያው ለእነሱ ይሁን።

ገዢዎችም ቢሆኑ የማሳውን ጉድለት ከፍሬው ላይ ማንበብ ይችላሉ። ያልተቆላ ኦቾሎኒ ከጆንያው መካከል እፍኝ ያንሱ፤ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉና ቀዩን ቆዳ ልጠው ለሁለት ይክፈሉት። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቡቃያ ጠቁራ ከታየች ማሳው ካልሲየም ጎድሎታል። ቡቃያዋ ደህና ሆና የፍሬው የውስጥ ገጽ ጎድጉዶ ቡናማ ከሆነ ደግሞ የጎደለው ቦሮን ነው። ሻጋታ የነካው ወይም መራራ ሽታ ያለው ካገኙ ግን ወደ አፈሩ አይሂዱ፤ ያ የአፍላቶክሲን ሥጋት ያለበት ስለሆነ ለልጅም ለአዋቂም አይሆንም፣ በመቁላትም አይጠፋም። ጆንያውን ለሻጩ ይመልሱት።