ከአያት የወረደ ሙቀጫና የቤተ ሰብ ጤና

በአገራችን በብዙ ቤት ከአያት ወደ እናት፥ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሙቀጫ ይገኛል። ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራው ይህ ዕቃ ዘመን በበዛበት መጠን ሆዱ ይለዝባል፥ ጠርዙ ይሸረፋል፤ ዘነዘናውም እጅ በሚይዘው ስፍራ ይቀጥናል። ባለቤቲቱ ግን በአዲስ ልትለውጠው አትወድም፤ የእናቷ እጅ ያረፈበት ነውና። ወፍጮና የኤሌክትሪክ መፍጫ በበዙበት በዛሬው ዘመን እንኳ የተቆላ ቡና ሲወቀጥ የሰማ ጎረቤት ሳይጠሩት ይመጣል። እኛም ይህን ቅርስ ጣሉት ለማለት አልተነሣንም፤ ቅርሱ በተከበረበት ቤት ጤናም አብሮ እንዲጠበቅ ጥቂት ቃል ለማስገንዘብ ነው እንጂ።

ጉዳቱ የሚመጣው ከሙቀጫው አይደለም፤ አንዱን ሙቀጫ ለሁሉ ሥራ ከማዋል ነው። ጧት ቡና በተወቀጠበት ቀን በርበሬ ይወቀጥበታል፤ ማታ ደግሞ ኮሶ ወይም እንዶድ ይገባበታል። እንጨት እንደ ብርጭቆ ልሙጥ አይደለምና በስንጥቁ የገባው ዱቄት በአንድ ጊዜ እጥበት ተጠርጎ አይወጣም፤ በማግሥቱ ከሕፃናት ምግብ ጋር ይደባለቃል።

የእንዶድን ኀይል እንመልከት። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያም ተነሥተው ባደረጉት ምርምር፥ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አስረዱ። ለልብስና ለወንዝ የሚጠቅመው ይህ ፍሬ ግን ሲዋጥ ያስመልሳል፥ ሆድንም ያውካል። ኮሶም ከጥንት ጀምሮ የኮሶ ትልን ለማስወጣት ያገለገለ ቢሆንም፥ መጠኑ ሲያልፍ የማየትን ኀይል እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ሁለተኛው ጠንቅ እርጥበት ነው። በርበሬ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ሲወቀጥ እርጥብ ትርፍ በሙቀጫው ሥር ይቀራል፤ ሳይታጠብ ከዋለና ካደረም ይሻግታል። ከሻጋታ ወገን አንዳንዱ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያፈራል። ይህ መርዝ የታወቀው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች የሻገተ የኦቾሎኒ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። ጉበትን ይጎዳል፤ ለጉበት ካንሰርም ምክንያት ይሆናል። በአገራችን በርበሬም ውስጥ መገኘቱ በምርመራ ታውቋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ወጡ በድስት ውስጥ ስለ ተንተከተከ ብቻ የማይጠፋ መሆኑ ነው።

እንግዲህ የሚከተለውን ማድረግ ይገባል።

1ኛ/ ከአያት የወረደው ሙቀጫ ለመብልና ለቡና ብቻ ይለይ። ለእንዶድ ሌላ ሙቀጫ ባይገኝ በደጅ በድንጋይ ላይ ይደቆስ።

2ኛ/ የሻገተ የበርበሬ ዛላ ከመወቀጡ በፊት ተለቅሞ ይጣል።

3ኛ/ ሙቀጫውና ዘነዘናው ሥራ እንዳበቃ በፈላ ውሃ በብሩሽ ይታሹ፤ ውሃው ግን እንጨቱን እንዳይሰነጥቀው ሳይቈይ ይደፋ።

4ኛ/ ከታጠበ በኋላ በፀሐይ ተደፍቶ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ሳለ አይከደን።

5ኛ/ የኮሶ ትል ያለበት ሰው በግምት ከመጠጣት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት ይውሰድ።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፥ ልጆቹ ወደ እናቶቻቸው ያደርሱታል። ነገር ግን ልጅ እናቱን በነቀፋ ቃል እንዳይናገር መምከር ያሻል፤ «እማዬ፥ የአያቴን ሙቀጫ እኔ ልጠበው» ብሎ ብሩሹን ቢያነሣ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ምክር ካልተሠራበት፥ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደ ተባለው ይሆናልና።