ለእጅ ወፍጮ የታመፀበት ከተማ

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ያደገ ሰው የወፍጮ ቤት ወረፋን ያውቃል። መብራት ሲጠፋ ወረፋው እንዴት እንደሚረዝምም እንዲሁ። ዛሬ የምንነግራችሁ ከ700 ዓመት በፊት አንድን ከተማ ከገዳም ጋር ስላጣላ የውሃ ወፍጮ ነው። (ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አሰራሩን እንይ። ከወንዝ በቦይ የተጠለፈ ውሃ መንኮራኩር ይመታል። መንኮራኩሩ ሲዞር ከሱ ጋር የተያያዘው የላይኛው ድንጋይ አብሮ ይዞራል፤ የታችኛው አይንቀሳቀስም። እህሉ በላይኛው ድንጋይ መሃል ባለው ቀዳዳ ይገባና በሁለቱ መካከል ተፈጭቶ በጠርዙ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ሮማውያን ይሄን ከ2,000 ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። በ1086 እንግሊዝ ውስጥ በንጉሡ ትእዛዝ በተደረገ ቆጠራ ከ5,000 በላይ ወፍጮዎች ተመዝግበዋል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። የእጅ ወፍጮ ላይ አጎንብሳ መጅ የገፋች እናት ወይም አያት ያለችው ሰው ድካሙን አይጠይቅም። የአውሮፓው የእጅ ወፍጮ በእጀታ የሚዞር ክብ ድንጋይ ነበር፤ ድካሙ ግን ያው ነው።

ታዲያ ሰዉ የውሃ ወፍጮውን ለምን ጠላው?

ምክንያቱም ባለቤት ነበረው። ከለንደን በስተሰሜን ባለችው ሴንት አልባንስ ከተማ ወፍጮዎቹ የገዳሙ ነበሩ። ነዋሪው እህሉን እዚያ የማስፈጨት ግዴታ ነበረበት፤ ሲያስፈጭም ከእህሉ ለገዳሙ ይከፍላል። ቤቱ ቁጭ ብሎ በራሱ ድንጋይ መፍጨት ተከለከለ። ሰዉ ግን ተደብቆ መፍጨቱን አልተወም።

በ1327 ከተማው አመፀና መብቱን አገኘ። ብዙም ሳይቆይ አበምኔቱ ሪቻርድ ኦፍ ዋሊንግፎርድ መልሰው ቀሙት። ሰውዬው ቀላል ሰው አልነበሩም፦ የአንጥረኛ ልጅ፣ የሒሳብ ሊቅ፣ ዝነኛ የሥነ ፈለክ ሰዓት የሠሩ። በ1331 አካባቢ ከየቤቱ የእጅ ወፍጮዎችን አስለቀሙና ድንጋዮቹን የገዳሙ እንግዳ መቀበያ ወለል ላይ አስነጠፏቸው። እናቶች የፈጩበት ድንጋይ የመነኮሳት መረገጫ ሆነ።

ሰዉ 50 ዓመት ቂሙን ያዘ። በ1381 በግብር ምክንያት እንግሊዝ በገበሬዎች አመፅ ስትናጥ፣ የሴንት አልባንስ ሰዎች ገዳሙን ጥሰው ገቡ። ወለሉን ፈነቀሉ፣ ድንጋዮቹን ሰባበሩ፣ ስባሪውንም ልክ እንደ ጸበል ጸዲቅ ተከፋፈሉት። አመፁ ግን ወዲያው ተደመሰሰ። መሪያቸው ዊልያም ግሪንድኮብ በዚያው ዓመት ተሰቀለ።

ልብ በሉ፦ ፀቡ ከማሽኑ ጋር አልነበረም። ማሽኑ ጉልበት ይቆጥባል። ፀቡ ሌላ አማራጭ ከመከልከሉ ጋር ነበር።

ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከአዊ አጠገብ ሰከላ ላይ የሚነሳው ግልገል አባይ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው አባይ ደግሞ ጢስ አባይ ላይ ተርባይን ያዞራል። ተርባይኑ የዚያው የድሮ መንኮራኩር ዘመድ ነው፤ የሚያመነጨው መብራትም ወፍጮ ቤት ሞተር ያዞራል። ዛሬ የእጅ ወፍጮ የሚቀማ አበምኔት የለም። ግን መብራት ሲጠፋ ወይ የማስፈጫ ዋጋ ሲጨምር፣ ወደ መጅ የሚመለሰው የማን ጉልበት ነው?

እናንተ ሰፈር መብራት ሲጠፋ እህል የት ነው የሚፈጨው? ኮሜንት ላይ ንገሩን።