በድምፅ ማጫወቻ ሶፍትዌር የተገኘ የደህንነት ክፍተት በርካታ ስልኮችን ለጥቃት አጋልጦ ነበር

የእስራኤሉ የመረጃ ደህንነት ኩባንያ ቼክ ፖይንት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በድምፅ ማጫወቻ ሶፍትዌር ላይ በተገኘ ጉድለት ሳቢያ በ2021 ከተሸጡት ዘመናዊ የእጅ ስልኮች ሁለት ሦስተኛው ለጥቃት የተጋለጡ እንደነበሩ ገምቷል።

የጉድለቱ ምንጭ ኤ.ኤል.ኤ.ሲ. በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው፣ የድምፅ ፋይልን ጥራቱን ሳይቀንስ መጠኑን የሚያሳንሰው ዘዴ ነው። አፕል ኩባንያ ይህን ዘዴ በ2004 ለአገልግሎት ያበቃ ሲሆን፣ በ2011 ኮዱን ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቆታል። ኩባንያው በራሱ ምርቶች የሚሠራበትን ኮድ በየጊዜው ሲያርም፣ በነፃ የተለቀቀው ግን ለዓመታት ሳይታረም ቆይቷል። የቺፕ አምራቾቹ ኳልኮምና ሚዲያቴክ ይህንኑ ኮድ ወስደው በድምፅ መፍቻዎቻቸው ውስጥ አስገብተውታል። የሌላውን ኮድ መጠቀም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ከወሰዱ በኋላ አለመከታተሉ ነው ችግሩ።

አንድ የድምፅ ፋይል ሲከፈት ሶፍትዌሩ ድምፁን ፍሬም በተባሉ ትናንሽ ክፍሎች እየፈታ በማህደረ ትውስታ ውስጥ ለዚሁ በተያዘ ቦታ ያኖራል። በኳልኮም በኩል የተገኘው ስህተት የፍሬሞቹን ብዛት በሚገባ ካለማጣራት የመነጨ ነበር። ይህም 20 ፋይል በሚይዝ መደርደሪያ ላይ፣ በመሸኛ ደብዳቤው የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አምኖ 30 ፋይል ለመደርደር እንደሚሞክር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ትርፉ የጎረቤቱን ፋይል ያፈናቅላል። በማህደረ ትውስታ ውስጥ ደግሞ ጎረቤቱ ሶፍትዌሩ ቀጥሎ የሚፈጽመውን ትእዛዝ የሚወስን መረጃ ሊሆን ይችላል። አጥቂው ፋይሉን በጥንቃቄ ካዘጋጀው በዚያ ስፍራ የራሱን ትእዛዝ ይተካበታል። ኮዱ የተጻፈባቸው ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ወሰንን በራሳቸው አያጣሩም፤ ማጣራቱ ለጸሐፊው የተተወ ነው።

በጥናቱ መሠረት አጥቂው ለዚሁ ዓላማ በተሠራ የድምፅ ፋይል አማካይነት ስልኩን ከርቀት ማዘዝ፣ በውስጡ ያሉ ምስሎችንና የድምፅ ንግግሮችን ማግኘት ይችል ነበር። የኳልኮሙ ክፍተት በአደገኛነት መለኪያ ከ10 ነጥብ 9.8 ተሰጥቶታል።

ሁለቱ አምራቾች ማስተካከያውን በዲሴምበር 2021 አውጥተዋል። ይሁንና ማስተካከያው ለተጠቃሚው የሚደርሰው በስልኩ ሠሪ ኩባንያ በኩል በመሆኑ፣ ድጋፍ የተቋረጠባቸው አሮጌ ስልኮች ሳያገኙት ቀርተው ሊሆን ይችላል። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ ቀን በቅንብር ገጹ ውስጥ ይገኛል።