ፍጥነቱን ማን ይለካው? የፕሮሰሰር የደህንነት ጥገናና የቤንችማርክ ተዓማኒነት

ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው የዕቃውን ፍጥነት በዓይኑ አይቶ ወይም በእጁ ዳስሶ ሊያረጋግጥ ስለማይችል፣ ውሳኔው የሚያርፈው ሌሎች ለክተው ባወጡት ቁጥር ላይ ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ቤንችማርክ ከሚባለው የመመዘኛ ፕሮግራም ሲሆን፣ ፕሮግራሙ አንድን የተወሰነ ሥራ፣ ለምሳሌ ፋይል መጭመቅን ወይም ቪዲዮን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ መቀየርን፣ በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ አሠርቶ እያንዳንዱ የፈጀበትን ጊዜ ያነጻጽራል። ከ2018 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚህ አሠራር ላይ እስከ ዛሬ መቋጫ ያላገኘ ጥያቄ ተነሥቷል፤ ይኸውም አንድ ፕሮሰሰር ከተሸጠ በኋላ የደህንነት ጥገና ተደርጎለት ፍጥነቱ ቢቀንስ፣ ገዢው አምኖ የገዛበት ቁጥር ምን ይሆናል፣ አዲሱን ቁጥርስ ለክቶ ማውጣት የማን ድርሻ ነው የሚለው ነው።

የጥያቄው ሥር ፕሮሰሰሮች ፍጥነታቸውን ያገኙበት ዘዴ ነው። ዘመናዊ ፕሮሰሰር በአንድ ናኖሰከንድ ውስጥ በርካታ ትዕዛዞችን መፈጸም ሲችል፣ ከዋናው ማህደረ ትውስታ አንድ መረጃ እስኪደርሰው ግን በአሥሮች የሚቆጠሩ ናኖሰከንዶች መጠበቅ ይኖርበታል። ይህን ጊዜ በከንቱ ላለማሳለፍ፣ ኢንቴል በ1995 ካወጣው ፔንቲየም ፕሮ ጀምሮ አብዛኞቹ የኩባንያው ፕሮሰሰሮች ቀጥሎ የሚመጣውን ትዕዛዝ እየገመቱ አስቀድመው ይሠራሉ፤ ግምቱ ከሠመረ ጊዜ ይተርፋል፣ ካልሠመረ ደግሞ የተሠራው ሁሉ እንዳልተሠራ ተቆጥሮ ይጣላል። ተፎካካሪዎቹም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። የተጣለው ሥራ ለአጥቂ የሚጠቅም ዱካ አይተውም የሚለው ግምት ለሃያ ዓመታት ያህል ብዙም ሳይፈተሽ የቆየ ሲሆን፣ ስህተት ሆኖ የተገኘውም እሱ ነው።

ሜልትዳውን በሚል ስም የታወቀው ጥቃት የሚሄድበት መንገድ ይህን በግልጽ ያሳያል። አንድ ተራ ፕሮግራም፣ የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ብቻ ሊያነበው ከሚገባው የማህደረ ትውስታ ክፍል አንድ ባይት ይጠይቃል። ጥያቄው ክልክል ስለሆነ በመጨረሻ ውድቅ መደረጉ አይቀርም፤ ነገር ግን ክልከላው እስኪደርስ ባለችው ቅጽበት ውስጥ ቀጣዩ ትዕዛዝ በዚያ ባይት ዋጋ ተመርቶ፣ ፕሮግራሙ ራሱ አስቀድሞ ካዘጋጃቸው 256 ቦታዎች አንዱን ያነባል። ቦታዎቹ 256 የሆኑት አንድ ባይት ሊይዛቸው የሚችሉት ዋጋዎች ያን ያህል በመሆናቸው ነው። ክልከላው ሲደርስ ሥራው ይሰረዛል፣ ሚስጥሩም በቀጥታ ለፕሮግራሙ አይሰጥም። ይሁንና የተነበበው ቦታ ካሽ ወደሚባለው፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ወደሚገኘው አነስተኛና እጅግ ፈጣን ማከማቻ ገብቶ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ 256ቱን ቦታዎች አንድ በአንድ እያነበበ ጊዜያቸውን ሲለካ ከሁሉም ፈጥኖ የተገኘው ቦታ የሚስጥሩን ባይት ዋጋ ያጋልጣል። ይህ ሲደጋገም የይለፍ ቃልም ሆነ የምስጠራ ቁልፍ ባይት በባይት ሊወሰድ ይችላል። ስፔክተር የተባለው ሁለተኛው የጥቃት ዓይነት ደግሞ የፕሮሰሰሩን የግምት ክፍል ሆን ብሎ በማሳሳት፣ ሌላ ፕሮግራም የራሱን ሚስጥር በተመሳሳይ መንገድ እንዲያሾልክ ያደርገዋል።

ፕሮጀክት ዜሮ የተባለው የጉግል የደህንነት ቡድን ተመራማሪ ያን ሆርን እነዚህን ክፍተቶች በጁን 2017 ለኢንቴል፣ ለኤኤምዲና ለአርም ያሳወቁ ሲሆን፣ በኦስትሪያ የግራትስ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችና ሌሎችም በየፊናቸው ወደዚያው ግኝት ደርሰዋል። ጉዳዩ ለጃንዋሪ 9 ቀን 2018 ይፋ ሊሆን ታቅዶ የነበረ ቢሆንም፣ በሊኑክስ ከርነል ላይ በጥድፊያ የሚደረገው ለውጥ ትኩረት በመሳቡ ጃንዋሪ 3 ላይ ወጣ። ሜልትዳውን በዋናነት የኢንቴልን ፕሮሰሰሮች የሚመለከት ሆኖ ሳለ፣ ስፔክተር የሦስቱንም ኩባንያዎች ንድፍ የነካ ነበር።

ለሜልትዳውን የተሰጠው መፍትሔ የከርነሉን ማህደረ ትውስታ ከተራው ፕሮግራም እይታ ፈጽሞ ማውጣት ሲሆን፣ ይህም የአድራሻ ሠንጠረዡን ለሁለት በመክፈል ተከናወነ። ዋጋው የሚከፈለው ፕሮግራሙ ከርነሉን በጠራ ቁጥር ሠንጠረዡ ስለሚቀየር ነው። እንግዲህ ቪዲዮ ሲቀይር ወይም ስሌት ሲያሰላ የሚውል፣ ከርነሉን እምብዛም የማይጠራ ኮምፒውተር ለውጡ ሊታወቀው እንኳ አይችልም፤ ዳታቤዝ የሚያስተናግድ ወይም ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ያለማቋረጥ የሚያነብና የሚጽፍ ማሽን ግን ጉዳቱ ጎልቶ ይታይበታል። ጥገናው ስንት በመቶ ፍጥነት ቀነሰ ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር መልስ ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የሕዝብ ግንኙነት መግለጫዎች ደግሞ አንድ ቁጥር ይወዳሉ።

ኢንቴል በጃንዋሪ 2018 ባወጣው መግለጫ፣ ሲስማርክ 2014 በተባለው መመዘኛ የስምንተኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ የፍጥነት ቅናሽ ከ6 በመቶ በታች፣ የሰባተኛው 7 በመቶ ገደማ፣ የስድስተኛው 8 በመቶ ገደማ መሆኑን ገለጸ። በዚያው ሰሞን ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 በሚሠራባቸው አዳዲስ ማሽኖች ላይ ቅናሹ አነስተኛ እንደሆነ፣ በ2015 አካባቢና ከዚያ በፊት በነበሩት፣ ማለትም ሃስዌልና ከእሱ በሚቀድሙት ፕሮሰሰሮች ላይ ግን አንዳንድ ተጠቃሚዎች መቀዛቀዙን እንደሚያስተውሉ፣ በዊንዶውስ 7ና 8 ደግሞ አብዛኞቹ እንደሚያስተውሉ አስታወቀ። ኢንቴል ቁጥር የሰጠባቸው ትውልዶች ማይክሮሶፍት ይበልጥ ይጎዳሉ ካላቸው በኋላ የመጡት አዳዲሶቹ መሆናቸው ሊታለፍ አይገባም። በአዲስ አበባ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸምት ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» የሚል ሲሆን፣ አራተኛው ትውልድ ሃስዌል ነው፤ ስለዚህም የጥገናው ዋጋ ይበልጥ የሚከብደው እንዲህ ያለውን ማሽን ለዓመታት ሊጠቀምበት በሚገዛው ሰው ላይ ነው።

የመመዘኛው ባለቤትነትም የሚያጠያይቅ ነው። ሲስማርክን የሚያዘጋጀው ባፕኮ የተባለ የኩባንያዎች ኅብረት ሲሆን ኢንቴል ከአባላቱ አንዱ ነው፤ ኤኤምዲ ግን ሲስማርክ 2012 የተጠቃሚን እውነተኛ ሥራ አይወክልም በሚል ቅሬታ በ2011 ኅብረቱን ለቅቆ ወጥቷል። ይህ ቁጥሩን ሐሰት አያደርገውም፤ ተመዛኙ የሚዛኑም ባለድርሻ በሆነበት ቦታ ግን ሌላ መዛኝ ማስፈለጉ ግልጽ ነው።

ይህ አስፈላጊነት ከሁሉ ይልቅ የታየው በኦገስት 2018 ነበር። ኢንቴል በዚያ ወር ለወጣ ሌላ ክፍተት ማይክሮኮድ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሆኖ የትዕዛዞችን አፈጻጸም የሚመራውን ዝቅተኛ ደረጃ ፕሮግራም፣ አሻሽሎ ሲያሠራጭ፣ በአጠቃቀም ፈቃዱ ውስጥ የቤንችማርክና የንጽጽር ውጤቶችን ማሳተም የሚከለክል አንቀጽ አስገብቶ ነበር። በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ዘርፍ አንጋፋ የሆኑት ብሩስ ፔረንስ አንቀጹን ለሕዝብ አሳወቁ፤ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭትም በፈቃዱ ምክንያት ማሻሻያውን ይዞ ቆየ። ኩባንያው ተቃውሞው በበረታ በቀናት ውስጥ ፈቃዱን ቀይሮ ክልከላውን አነሣ። ክስተቱ አጭር ቢሆንም በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ አሳሳቢው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ደህንነቱን ለመጠበቅ ጥገናውን ከመቀበል ሌላ ምርጫ የሌለው ገዢ፣ የከፈለውን ዋጋ ለሌሎች እንዳይናገር በዚያው ጥገና ሊታሰር ተቃርቦ ነበር።

ክፍተቶቹ በ2018 አላበቁም። በሜይ 2019 ዞምቢሎድና ተዛማጅ ጥቃቶች ይፋ ሲሆኑ፣ አፕል ሃይፐርትሬዲንግን፣ ማለትም አንድ ኮር ሁለት የሥራ ፈትሎችን ጎን ለጎን የሚያስኬድበትን ዘዴ፣ ማጥፋትን የሚጨምረው ሙሉ መከላከያ ፍጥነትን እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠነቀቀ። በ2022 የዙሪክ ኢቲኤች ተመራማሪዎች ሬትብሊድ ለተባለው ክፍተት የሚደረገው ጥገና በኤኤምዲ 14፣ በኢንቴል 39 በመቶ ተጨማሪ ሸክም እንደሚያስከትል ለክተው አወጡ፤ በ2023 ዳውንፎል ሲገለጽም በአንዳንድ ሥራዎች ላይ ቅናሹ 50 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ተነገረ። እነዚህም ቁጥሮች ቢሆኑ በጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። አምራቹ የተለመዱ ሥራዎችን አማካይ ሲያቀርብ ቅናሹ ትንሽ ይመስላል፣ እጅግ የሚጎዳው ሥራ ተመርጦ «እስከ» በሚል ቃል ሲቀርብ ደግሞ አደጋው የሁሉም ይመስላል፤ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንዱም ግን ለአንድ የተወሰነ ተጠቃሚ ስለ ራሱ ማሽን አይነግረውም።

የልኬቱ ሁኔታ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚወስን የሚያሳየው በኦክቶበር 2018 የተፈጠረው ነው። ፕሪንሲፕልድ ቴክኖሎጂስ የተባለ ድርጅት በኢንቴል ተልኮ ኮር አይ 9 9900ኬን ከኤኤምዲው ራይዘን 7 2700ኤክስ ጋር በጌሞች አወዳድሮ ነበር። ገለልተኛ ፈታሾች ዝርዝሩን ሲመረምሩ፣ ስምንት ኮር ያለው ራይዘን ግማሾቹን ኮሮች በሚያጠፋ ቅንብር ላይ እንደተለካ አገኙ፤ ድርጅቱ ቅንብሩን አስተካክሎ ሲለካም ልዩነቱ ጠበበ። ስህተቱ ሊታወቅ የቻለው ድርጅቱ የፈተናውን ሁኔታ በዝርዝር አሳትሞ ስለነበር ነው፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ከ1988 ጀምሮ መመዘኛዎችን ሲያዘጋጅ የኖረው ስፔክ የተባለ ድርጅት፣ የኢንቴል ኮምፓይለር፣ ማለትም የፕሮግራመሩን ጽሑፍ ወደ ማሽን ትዕዛዝ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ ለአንዱ ፈተና ብቻ የሚያገለግል ማፍጠኛ ይዞ በመገኘቱ ከ2,600 በላይ የሰርቨር ውጤቶችን ዋጋ አሳጣ።

ዛሬ አንድን የፍጥነት ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ከሁሉ በፊት ቁጥሮቹ የተለኩበትን ጊዜ ነው። የድሮው ፕሮሰሰር ቁጥር በ2017 ከጥገናው በፊት፣ የአዲሱ ደግሞ ከጥገናው በኋላ ተለክቶ ጎን ለጎን ከቀረበ፣ የትውልዶቹ ልዩነት ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ የድሮውን ዳግመኛ መለካት ግን ጊዜና ገንዘብ ስለሚጠይቅ ብዙዎች የቆየ ቁጥራቸውን ይዘው ይቀጥላሉ። ሊኑክስ እያንዳንዱ ክፍተት በማሽኑ ላይ መጠገን አለመጠገኑን ዘርዝሮ ያሳያል፣ ከ2019 ጀምሮም መከላከያዎቹን ሁሉ በአንድ ቅንብር ማጥፋት ስለሚቻል፣ አንድን ማሽን ከጥገናው ጋርና ያለ ጥገናው ለክቶ ማወዳደር ከባድ አይደለም። ፎሮኒክስ የተባለው ድረ ገጽ ይህን በየክፍተቱ ሲያደርግ ቆይቷል። አምራቾቹ በበኩላቸው ከቁጥሮቻቸው ግርጌ፣ ውጤቱ በተጠቀሰው ቀን የተለካ እንደሆነና ለሕዝብ የወጡትን ማሻሻያዎች ሁሉ ላያካትት እንደሚችል በደቃቅ ፊደል ይጽፋሉ፤ የማይክሮኮዱን፣ የባዮሱንና የስርዓተ ክወናውን እትም አሟልቶ የማይናገር ቁጥር ደግሞ ማንም ሌላ ሰው ዳግመኛ ሊለካውና ሊያረጋግጠው አይችልም።