የማገገሚያ ቤትና የሱስ መድኃኒት

ከሱስ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች በአንድነት የሚኖሩበት ቤት በአሜሪካ አገር የማገገሚያ ቤት ይባላል። ቤቱ ሐኪም ቤት አይደለም፤ ነዋሪዎቹ ሥራ እየዋሉ፣ ኪራዩን እያዋጡ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ይኖራሉ። ከነዚህ ቤቶች ስመ ጥር የሆነው ኦክስፎርድ ሐውስ ነው። የመጀመሪያው በ1975 (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በተባለው ከተማ ተከፈተ። ከተማው ዛሬ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ስለ ሆነ ስሙን የሚያውቅ አንባቢ አይጠፋም።

በነዚህ ቤቶች ዋናው ደንብ አደንዛዥ ነገር ፈጽሞ እንዳይገባ ነው። ክርክሩም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ለሔሮይንና ለፌንታኒል ሱስ የሚታዘዙት ሁለቱ ዋና መድኃኒቶች፣ ማለት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን፣ ራሳቸው ከሞርፊን ወገን ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ የቤት ኀላፊዎች «ሱሱን በሱስ ለወጠው እንጂ መቼ ተወው» እያሉ መድኃኒቱን የሚወስደውን ሰው ከደጅ ይመልሱታል።

ይህ አባባል እውነት መሆን አለመሆኑን ለመመርመር መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን መመልከት ያስፈልጋል። ሔሮይን ወደ አንጎል ፈጥኖ ይደርሳል፤ ሰውየውን ወዲያው ያሰክረውና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ላብ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ቍርጥማት ይይዘዋል፤ ቀኑም ይህን ለማስታገስ ሲሮጥ ያልቃል። ሜታዶን ግን በቀን አንድ ጊዜ ሲጠጣ ቀስ ብሎ ገብቶ እስከ ማግሥቱ ይቈያል። መጠኑ ከተስተካከለ ሰውየው አይሰክርም፣ አይንቀጠቀጥምም፤ ሥራውን ይሠራል። ይህን ሕክምና ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች በኒው ዮርክ ሞክረው ውጤቱን በ1965 አሳተሙ። ለዚሁ ሕክምና በ2002 በአሜሪካ የተፈቀደው ቡፕረኖርፊን ደግሞ ከምላስ ሥር ይደረጋል። ጠባዩ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ቢጨመር ኀይሉ ብዙም ስለማይጨምር ትንፋሽን የማቆም አደጋው አነስተኛ ነው።

እንግዲህ «መድኃኒቱን ትተህ ና» የተባለው ሰው ምን ያገኘዋል? ሰውነቱ የቀድሞውን ብዛት የመቻል ልማዱን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያጣል። አንድ ቀን ድንገት ቢሸነፍና እንደ ጥንቱ ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። በመድኃኒቱ የጸኑ ሰዎች ግን የመሞታቸው አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ አገር ታይቷል። እኔ ስመለከተው፣ ቤቱ ሊጠብቀው የተሠራለትን ሰው ራሱ ለሞት ያጋልጠዋል ማለት ነው። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴርም በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ከዚህ ሱስ ለመዳን መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ እንደሚጠብቀው ገልጿል።

የኀላፊዎቹ ፍርሀት ግን ሁሉ ከንቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ሊሰረቅ ወይም ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህም ነው መድኃኒት የሚወስዱትን የሚቀበሉ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ለያንዳንዱ ነዋሪ ቍልፍ ያለው ሣጥን የሚሰጡት፣ ክኒኑንም የሚቈጥሩት። በአፍንጫ የሚነፋውንና የቆመ ትንፋሽ የሚመልሰውን ናሎክሶን የተባለ መድኃኒትም ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ያኖራሉ።